ማሳይ ማራ፦ ገንዘቡን ሌንሱ ላይ ሳይሆን መኪናው ላይ

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም፤ የሰዓት ልዩነትም የለም። ከናይሮቢ ማሳይ ማራ ወደሚባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ደግሞ በመኪና የአምስት ስድስት ሰዓት መንገድ ነው። እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ካሜራ አንግቶ የሄደው ሰው ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመለሰው የመኪና ጣሪያ፣ የሌላ ቱሪስት ክንድ እና ከላይ ወደ ታች የተነሳ የአንበሳ ጀርባ ነው። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። ሩቁን ለሚያቀርበው ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ የወጣው ገንዘብ ለመኪናና ለሁለት ተጨማሪ ቀን ቢውል ኖሮ ፎቶው ሌላ ይሆን ነበር።

መጀመሪያ ወቅቱን እንይ። ማራ ለብቻው የቆመ ፓርክ አይደለም። 1,510 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የኬንያው ክልል፣ ድንበር ተሻግሮ ከ14,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ የሰሜን ጫፍ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት የሚባል ቀንዳም ሣር በል እንስሳ ዝናብና ለምለም ሣር እየተከተለ ይህን ሜዳ ዓመቱን ሙሉ ይዞረዋል። እንስሳው አገራችን ስለሌለ የታወቀ አማርኛ ስም የለውም፤ ስዋሂሊው ኙምቡ ይለዋል። ለአፋችንም የሚቀለው እሱ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ኙምቡ እንበለው። ኙምቡ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ደቡብ ሴሬንጌቲ ላይ ይወልዳል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማራ ላይ ይሰነብታል። እኛ ጃንጥላ በምንዘረጋበት ክረምት እዚያ ደረቅ ነው፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነውና ለቤተሰብ ይመቻል።

ክፍያው ግን ያን ጊዜ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ የውጭ አገር ጎልማሳ ጎብኚ ከጃንዋሪ እስከ ጁን በቀን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች፣ ጎረቤት ብንሆንም የምንከፍለው እንደ አውሮፓዊው ነው። ትኬቱ ደግሞ የሚሠራው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ከናይሮቢ ተነስቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር የደረሰ ሰው ለሦስት ሰዓት ሙሉ ቀን ይከፍላል። ክልሉ ውስጥ ያደረ ሰውም በመጨረሻው ቀን እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ካልወጣ ሌላ ትኬት ይጠየቃል።

አሁን በየቦታው የሚሸጠውን «ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት» ጥቅል አስሉት። የመጀመሪያው ቀን በመንገድ ያልቃል፤ ሦስተኛው ቁርስ ሳይወርድ ይዘጋል። ለፎቶ የቀረው አንድ ሙሉ ቀንና ሁለት ቁራጭ ነው። አራት ሌሊት ቢሆን ሦስት ሙሉ ቀን ይገኛል፤ የናይሮቢው መንገድ ግን ያው አንዴ ነው። አቅም ካነሰ ሌሊቱን ከመቀነስ ወሩን መቀየር ይሻላል። ጥርና የካቲት ላይ መግቢያው በግማሽ ይቀንሳል፣ መኪናውም ይሳሳል። አንበሳው፣ ነብሩ፣ አቦሸማኔው፣ ዝሆኑ ደግሞ የትም አይሄዱም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። የሚቀርባችሁ የኙምቡ ወንዝ መሻገር ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ጥር የተሻለ ወር ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ትልቁ ዝናብ ግን መንገዱን ጭቃ ያደርገዋልና እሱን ተዉት።

ማደሪያ ሲመረጥ ካርታ ይታይ። ክልሉ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትወጣለች፤ በር የሚከፈተው 12 ሰዓት ነው። በምሥራቅ ወገን ካለው ሴኬናኒ በር ውጭ ያደረ ሰው ማራ ወንዝ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ በኮረኮንች ይነዳል፤ ሲደርስ ወርቃማው ብርሃን አልቋል። ወንዙን የፈለገ ወንዙ አጠገብ ይደር። ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያለው ማራ ትራያንግል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለብቻው የሚተዳደር ሲሆን ሥርዓቱም ጠበቅ ይላል። ወንዙ በጥቅሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚወርድ፣ ጠዋት ከምሥራቁ ዳርቻ ያለ ሰው ፀሐይን ከጀርባው ያደርጋል፤ ከሰዓት በኋላ ዕድሉ የትራያንግሉ ነው። የሚያገናኘው የፑሩንጋት ድልድይ ታች ታንዛኒያ ድንበር አጠገብ ስለሆነ፣ በአንድ ጠዋት ወዲያና ወዲህ እያሉ መዋል አይቻልም።

ከክልሉ በስተ ሰሜን ናቦይሾ፣ ኦላሬ ሞቶሮጊ፣ ማራ ኖርዝ የሚባሉ ጥብቅ ቦታዎች አሉ። መሬቱ የአካባቢው ነዋሪ የሆኑት የማሳይ ቤተሰቦች ሲሆን ለካምፖቹ ያከራዩታል፤ የሚገባውም እዚያ ያደረ እንግዳ ብቻ ነው። ይወደዳሉ። ግን ከመንገድ ወጥቶ መንዳት፣ ማታ መንዳትና በእግር መሄድ የሚፈቀደው እዚያ ነው፤ ዋናው ክልል ውስጥ ሦስቱም ክልክል ናቸው። አንድ ነብር ላይ ሃያ መኪና ሲከመር የማየት ዕድልም አነስተኛ ነው።

ወደ መኪናው እንምጣ። ለፎቶ የሚሆነው ጣሪያው የሚነሳ ላንድ ክሩዘር ነው። ሚኒባሱ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከዝናብ በኋላ ይቀረቀራል፣ መስኮቱም እስከ ታች አይከፈትም። በጋራ መኪና ስትሄዱ የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ «ስንት ሰው ይኖራል?» የሚለው ነው። ስድስት ሰባት ሰው ካለ፣ አንበሳው በግራ ሲተኛ ቀኝ የተቀመጠው በሰው ትከሻ አሻግሮ ያነሳል። ከአራት የማይበልጥ ሲሆን እያንዳንዱ የራሱ ረድፍ ይኖረዋል። ሦስት አራት ጓደኛሞች ሆናችሁ መኪናውን ለብቻችሁ ብትይዙት በነፍስ ወከፍ ከጋራው እምብዛም አይርቅም፤ መቼ እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ የምትወስኑትም እናንተ ትሆናላችሁ። ውሉ ላይ ነዳጁ፣ የመግቢያው ትኬት፣ የሹፌሩ አዳርና የኪሎ ሜትር ገደብ አለመኖሩ በጽሑፍ ይስፈር። ካምፑም ቁርሱን በሣጥን እንዲያስይዝ አስቀድማችሁ ንገሩ። «ቁርስ ደርሷል» ተብሎ በ2 ሰዓት ከሜዳ መመለስ የማራ ትልቁ ብክነት ነው።

የኬንያ አስጎብኚዎች ማኅበር አባላቱን ፈትኖ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ ብሎ ደረጃ ይሰጣል፤ ብር ደረጃ ያለው ሹፌር ከተገኘ ተጨማሪው ክፍያ ይከፈል። እንስሳ ማግኘት ሹፌሮች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ሬዲዮ ይቻላል። አቦሸማኔዋ ወዴት እንደምትሮጥ ገምቶ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ቀድሞ መቆም ግን የሹፌሩ ችሎታ ነው።

ሬዲዮው በስዋሂሊ ያወራል፤ ጥቂት ቃል ማወቅ ይጠቅማል። ሲምባ አንበሳ፣ ቹዊ ነብር፣ ዱማ አቦሸማኔ፣ ኪፋሩ አውራሪስ፣ ፊሲ ጅብ ነው። እኛ ዘንድ ነጠብጣብ ያለውን ድመት ሁሉ ነብር ማለት ስለተለመደ ልብ በሉ፦ ከዓይኗ እስከ አፏ ጥቁር የእንባ መስመር የወረደባት፣ እግረ ረጅሟ አቦሸማኔ ናት፤ ጽጌረዳ የሚመስል ክብ ክብ ያለበት፣ ዛፍ ላይ የሚውለው ነብር ነው። አቦሸማኔ በቀን ብርሃን ስለምታድን ለካሜራ የምትመቸው እሷ ናት። ኩይሳ ላይ ወጥታ ሜዳውን ስትቃኝ ካያችኋት ሚዳቋ ፈልጋለች ማለት ነው፤ ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ።

የሚገርመው የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛው ከንጋት የሚቆጠር መሆኑ ነው። ሳአ ሞጃ ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት፣ የእኛው አንድ ሰዓት። ነገር ግን ሹፌሩ እናንተን በእንግሊዝኛ ሲያናግር በፈረንጅ ቆጣጠር ይናገራል። «ሲክስ» ሲል 12 ሰዓት ማለቱ ነው። ማታውኑ ሰዓቱን ስልክ ላይ ጽፎ ማሳየት ከስህተት ያድናል።

ሌንስን በተመለከተ 100–400 ሚሊ ሜትር ዙም ለማራ ይበቃል፤ ትንንሽ ወፍ የሚፈልግ 150–600 ይያዝ። ሁለተኛ ሌንስ 24–70 ወይም 70–200። ከተቻለ ሁለት ካሜራ ይዞ ሌንሱን ሳይፈቱ መዋል ነው። የማራ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ሜዳ ላይ ሌንስ የቀየረ ሰው ማታ የሰማዩን ፎቶ ሲያይ ሴንሰሩ ላይ ያረፈውን ነጠብጣብ ይቆጥራል። ትራይፖድ መኪና ውስጥ አያገለግልም። በምትኩ ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ ባለ ዚፕ ከረጢት ባዶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ መንገድ ላይ ባለችው ናሮክ ከተማ ሦስት አራት ኪሎ ሩዝ ወይም ባቄላ ገዝታችሁ ሙሉት፣ መስኮቱ ላይ አስቀምጡና ሌንሱን አሳርፉበት። ስትመለሱ እህሉን ለካምፑ ማብሰያ ቤት ትሰጡታላችሁ።

ሹፌሩ ጣሪያውን ከፍቶ «ቁሙ» ይላል፤ ለማየት ጥሩ ነው። ለፎቶ ግን አንበሳ አጠገብ ሲደርሱ ቁጭ ብሎ ከታችኛው መስኮት ማንሳት ይሻላል። ከጣሪያ ሲነሳ ከእንስሳው ጀርባ የሚታየው መሬት ነው፤ ከመስኮት ሲነሳ ከዓይኑ ትይዩ ትሆናላችሁ፣ ከኋላው ያለው ሣርም ርቆ ይደበዝዛል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ሞተሩ እየሠራ ፎቶ አይነሳም፤ የናፍጣ ሞተር ንዝረት ከረጅም ሌንስ ጋር ሲገናኝ ሁሉንም ፎቶ በጥቂቱ ያደበዝዘዋል፣ ስክሪን ላይም አይታወቅም፤ የሚታወቀው ቤት ሲገቡ ነው። መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ እንዳይንቀሳቀስ መስማማትም የግድ ነው።

ለሚሮጥ እንስሳ ሻተር ስፒዱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/2000 ሰከንድ፣ ለቆመ 1/500፣ ለሚበር ወፍ 1/3200 ይሁን። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶማቲክ ላይ ተዉት። ካሜራው የእንስሳ ዓይን መለየት ከቻለ ያንን ክፈቱ፤ ካልቻለ ነጠላ የፎከስ ነጥብ ምረጡ፣ አለበለዚያ ከፊት ያለውን ሣር ይይዛል። ኙምቡ ጥቁር ግራጫ ስለሆነ ፍሬሙን ሲሞላ ካሜራው ጨለማ መስሎት ያበራዋል፤ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀንሱ፤ ስቶፕ የብርሃን መለኪያ እርከን ነው። ነጭ ሰማይ ላይ ያለ ጥንብ አንሳ ተቃራኒው ነው፣ አንድ ሙሉ ስቶፕ ጨምሩ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ስለሚግል አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ 200 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ውድ ሌንስም አያጠራውም። ያን ሰዓት ቅርብ ያለውን አንሱ ወይም ጥላ ስር አርፉ።

ወንዝ መሻገሩ የትዕግሥት ጉዳይ ነው። መንጋው ሜዳው ላይ ይጠራቀማል፣ አቧራው ይነሳል፣ ፊተኞቹ እስከ ገደሉ አፍ ይመጣሉ፣ ውሃውን ያሸታሉ፤ አንዲት የሜዳ አህያ ትደነግጥና ሁሉም ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ አራት አምስት ጊዜ ሊደጋገም፣ ሦስት አራት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ጭራሽ ላይሻገሩም ይችላሉ። አንዱ ከዘለለ ግን ሌላው እየተጋፋ ይከተላል፣ ያን ጊዜ የሚያቆመው የለም። ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፦ ሹፌሮች ቦታ ለመያዝ ቀድመው ገደሉ ጫፍ ይቆማሉ፣ መንጋው መኪና አይቶ ይመለሳል። የመጀመሪያው እንስሳ ውሃ እስኪገባ ራቅ ብሎ መጠበቅ ደንብ ነው፤ ሹፌራችሁን «ግባ፣ ግባ» አትበሉት። ሜዳ ላይም አንድ እንስሳ ዘንድ ከአምስት መኪና በላይ አይቆምም፤ ወረፋ ካለ ደግሞ አሥር ደቂቃ ነው። ከመንገድ ወጥቶ የተያዘ ሹፌር ይቀጣል፣ ቅጣቱንም ተሳፋሪው ነው የሚያመጣበት።

መሻገሩ ሲጀምር አብዛኛው ሰው 400 ሚሊ ሜትር ላይ ቆልፎ የአንዱን ጭንቅላት ይከተላል፤ የሚያገኘውም ቡናማ ውሃ ውስጥ ያለ ቡናማ ቀንድ ነው። ወደ 100 መልሱት። ገደሉ፣ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መሰል መንጋ፣ አቧራው፣ ታች ፈንጠር ብሎ የተኛው አዞ በአንድ ፍሬም ይገባሉ። ፀሐይ ከፊት ከሆነች አንድ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ ቀንሳችሁ ጥላቸውን ብቻ አንሱ፤ አቧራው ራሱ ወርቅ ይሆናል። ሁለት መቶ ፎቶ ከሆነ በኋላ ሻተሩን 1/30 አድርጋችሁ ከሩጫው ጋር ካሜራውን እያስከተላችሁ ሞክሩ። ከሃምሳው አንዱ ይሳካል።

ባለ 45 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ የራው (ያልተቀነባበረ ፎቶ) ፋይል ወደ 50 ሜጋባይት ስለሚሆን፣ 128 ጊጋባይት ካርድ 2,500 ፎቶ ገደማ ይይዛል፤ መሻገር ያለበት ቀን ይህን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ማታ ማታ ሁለት ቦታ ገልብጡ። የኬንያ ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ያለው የእንግሊዙ ዓይነት ነው፤ የአገር ቤቱ ሁለት ክብ ጥርስ አይገባበትም፣ አዳፕተር ያዙ። ብዙ ካምፖች መብራት የሚሰጡት በሶላር ወይም በጄኔሬተር በተወሰነ ሰዓት ስለሆነ ሦስት ባትሪ ይያዝ። ከናይሮቢው ዊልሰን ኤርፖርት በትንሿ አውሮፕላን የሚሄድ ሰው ደግሞ ጓዙ የእጁን ጨምሮ 15 ኪሎ ነው፣ ለስላሳ ቦርሳ ብቻ፤ ባለ ጎማው ሻንጣ አይገባም።

በወረቀትና በፍተሻ በኩል፦ ከኢትዮጵያ ስለምትነሱ የቢጫ ወባ ካርድ ትጠየቃላችሁ፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ ይወሰድ፣ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው። ማራ ወባ አለ፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኪኒኑን ሐኪም አማክሮ ይጀምር። ጠዋቱ ብርድ ነው፣ ጃኬት አይረሳ። ኬንያ የፕላስቲክ ከረጢት እ.ኤ.አ. በ2017 አግዳለች፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ አንዴ ተጠቅሞ የሚጣል ፕላስቲክ ፓርክ ውስጥ ክልክል ነው፤ የታሸገ ውሃ ትታችሁ ኮዳ ያዙ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ቤት ይቅር። ባይኖኩላር ናይሮቢ ላይ ለመግዛት የሚያስብ ካለም ቦሌ ላይ ያለ ፈቃድ ሊያዝበት እንደሚችል ይወቅ። ትልቅ ካሜራና ሌንስ ይዞ የሚወጣ ሰው ሲወጣ ለጉምሩክ ማሳወቁ፣ ሲመለስ «አዲስ ነው» ከሚል ክርክር ያድነዋል።

የቀረው ማሳዮቹ ናቸው። ቱሪስቱ ማኛታ የሚለው መንደር በራሳቸው ቋንቋ ኤንካንግ ይባላል፦ በእሾህ አጥር የተከበበ፣ መሐሉ የከብት ማደሪያ፣ ዙሪያውን ሴቶቹ በእንጨትና በእበት የሠሯቸው ዝቅ ያሉ ቤቶች። ደቡብ ኦሞ የሄደ ሰው በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር የሚለውን ያውቀዋል፤ እዚህ የሚከፈለው በሰው ለመግቢያ ነው፣ ከዚያ በኋላ ውስጥ ማንሳት ይፈቀዳል። ዋጋው ከአጥሩ ውጭ፣ ሹፌሩ ባለበት ይቆረጥ። ዝላዩን፣ እሳት ማቀጣጠሉን፣ ከዚያ ወደ ዶቃው ገበያ መግፋቱን በሃያ ደቂቃ ይጨርሱታል። እናንተ «ዝላዩ ይቅር፣ ከብቶቹ ሲገቡ እንምጣ» ብትሉ ይስማማሉ፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው አቧራና ብርሃን ከየትኛውም ዝላይ ይበልጣል። «ሱፓ» ብላችሁ ግቡ፣ «ኢፓ» ይሏችኋል። ምስጋናው «አሼ ኦሌንግ» ነው። መንገድ ላይ ከብት የሚጠብቅን ልጅ ግን ሳይጠይቁ ከመኪና አያነሱም፤ ከረሜላም አይወረወርለትም።

ማሳዮቹ የሚለብሱት፣ በእነሱ አጠራር ሹካ የሚባለው ቀይ ጨርቅ ካሜራን ያታልላል። ፀሐይ ላይ ቀዩ ቀለም ቀድሞ ስለሚሞላ የጨርቁ እጥፋት ሁሉ ጠፍቶ አንድ ቀይ ሰሌዳ ይሆናል፤ በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀንሱና የፊቱን ብርሃን በኋላ ፎቶው ሲስተካከል ጨምሩት። ቤት ውስጥ ጨለማ ነው፣ ፍላሽ ጭሱን ነጭ ያደርገዋል። ሰውየው ወይም እናቲቱ ከበሩ አንድ እርምጃ ገባ ብለው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ይቀመጡ፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ይመጣል፣ ከኋላ ያለው ጨለማ ይቀራል። 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር፣ 1/125 ሰከንድ ይበቃል። «ፎቶውን እልክልሃለሁ» የሚባል ነገር ካለ፣ ዋትስአፕ ቁጥሩን ተቀብሎ እዚያው ከካሜራው ወደ ስልክ አስተላልፎ መላክ ነው፤ ቦሌ ከተረገጠ በኋላ ይረሳል።